ከበር ኋላ የቆመው ክራንች

ቅዳሜ ጠዋት ነው። የቆራሌው ጥሪ ከሰፈራችን ቅያስ ሲገባ ጎረቤቴ በሯን ከፍታ የከረመ ዕቃዋን ታወጣለች፤ የተበሳ ድስት፣ የተሰበረ የብረት መደርደሪያ፣ ባዶ የዘይት ጀሪካን። እኔ ዳቦ ገዝቼ እየተመለስኩ ነበር። ሰላም ልላት ጠጋ ስል ከጀሪካኑ ኋላ አንድ ጥንድ ክራንችና አንድ ዎከር ግድግዳውን ተደግፈው አየሁ።

"እነዚህም ይሸጣሉ?" አልኳት።

"ይሸጡ እንጂ! ማን ሊሄድባቸው? ባየኋቸው ቁጥር እሱን ነው የማየው" አለችኝ።

ባለቤቷ ካረፉ ዓመት ከመንፈቅ ሆኗቸዋል። በመጨረሻው ዘመናቸው ከመኝታ ቤት ሳሎን፣ ከሳሎን ደጅ የሚሉት በዚያ ዎከር ነበር። ከቀብራቸው በኋላ ዎከሩ ከበር ኋላ ቆመ፣ ከበር ኋላ ወደ ማድ ቤት ተዛወረ፣ ከማድ ቤት ደግሞ እነሆ ከቆራሌው እግር ሥር ደረሰ። ልጁ በአንድ እጁ አንጠልጥሎ መዘነውና "ማዘር፣ አልሙኒየም ስለሆነ ቀላል ነው። ከነክራንቹ በድምር ልያዘው?" አለ። የጠራው ዋጋ በእጄ ከያዝኩት ዳቦ ብዙም አይበልጥም።

እኔ ግን ሐሳቤ የሄደው ሦስት በር ዝቅ ብሎ ወዳለው ቤት ነበር። እዚያ ጡረታ የወጡ የከባድ መኪና ሹፌር ይኖራሉ። ሌሊት ለሽንት ሲነሱ ጫፉ የታጠፈ ምንጣፍ ጠልፏቸው ወደቁና የዳሌ አጥንታቸው ተሰበረ። ቀዶ ጥገና ተደርጎላቸው፣ ብረት ገብቶላቸው ከሆስፒታል ሲወጡ በተሰጣቸው ወረቀት ላይ "በዎከር መራመድ ይጀምሩ" የሚል ተጽፏል። ዎከሩ ግን ከወረቀቱ ጋር አልተሰጣቸውም። ልጆቻቸው ሊገዙ ገንዘብ ሲያዋጡ፣ መሐል ላይ የመድኃኒት ወጪ ሲመጣ፣ እንደገና ሲያዋጡ አምስት ሳምንት አለፈ። ሰውየው አምስት ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ፣ ዎከሩ አምስት ሳምንት ሙሉ እዚያው ቅያስ ውስጥ ማድ ቤት ጥግ።

ከዚህ ላይ የራሴንም ጥፋት ልናገር። ዕድሜዬን የጨረስኩት በነርስነት ነው። በእነዚያ አምስት ሳምንታት ውስጥ ሦስት ጊዜ ሄጄ ጠይቄያቸዋለሁ። ብርቱካን ይዤ ገብቼ፣ ቡና ጠጥቼ፣ "እግዜር ይማርዎት ጋሼ" ብዬ ወጥቻለሁ። "ማን ነው የሚያስነሳዎት? በምን ነው የሚራመዱት?" ብዬ ግን አልጠየቅኩም። ሥራዬ የነበረውን ጥያቄ ከነጩ ጋዋን ጋር አስረክቤ የወጣሁ ይመስል።

አልጋ ለአረጋዊ ዕረፍት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2007 አሜሪካ ውስጥ በተደረገ ጥናት ጤነኛ የሆኑ አረጋውያን በፈቃደኝነት 10 ቀን አልጋ ላይ እንዲቆዩ ተደርጎ ነበር። በ10 ቀን ብቻ ከእግራቸው ጡንቻ ወደ 1 ኪሎ የሚጠጋ አጡ። ጤነኞች ናቸው እንግዲህ፤ አልታመሙም፣ አልተሰበሩም። በዚህ ላይ የሳንባ ምች፣ የደም መርጋትና የአልጋ ቁስል ሲጨመር ምን እንደሚሆን አስቡት። ሹፌሩም ጀርባቸው ላይ ከወገባቸው ዝቅ ብሎ የቀላ ቦታ ወጥቶባቸው ነበር።

ስለዚህ ጎረቤቴን "አትሽጪው፣ ለጋሼ እንስጣቸው" አልኳት። ፊቷ ተለወጠ።

"የሟች ዕቃ ለበሽተኛ? ገደ ቢስ ነው! ነገ አንድ ነገር ቢሆኑ በማን ይመጣል?"

ይህን ንግግር በሥራ ዘመኔ ስንት ጊዜ እንደሰማሁት አልቆጥረውም። ብዙ ክራንችና ዊልቸር ከበር ኋላ፣ ከአልጋ ሥርና ከቆጥ ላይ የሚቀረው ሰው ስስታም ስለሆነ አይደለም። ሐዘን ነው፣ ይሉኝታ ነው፣ "ሰው ምን ይለኛል" ነው። እኔም የመጣልኝን መለስኩላት። "ሰው ሲሞት ልብሱን ለነዳያን እንሰጥ የለ እንዴ? የባለቤትሽን ካፖርት ለማን ሰጠሽ? ካፖርቱ ምጽዋት ከሆነ ዎከሩ ለምን ገደ ቢስ ይሆናል?" ዝም አለች። ቆራሌው ሚዛኑን እንደያዘ አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያል። በመጨረሻ "ድስቱን ብቻ ውሰድ" አለችው። እሱም ሳይከፋው ድስቱን መዘነ።

ሹፌሩ ቤት ስንደርስ ባለቤታቸው "የማን ነው?" አሉ። እውነቱን ነገርናቸው። እሳቸውም እንደ ጎረቤቴ ትንሽ አመነቱ። ጋሼ ግን ከአልጋቸው ሆነው ሰምተዋል። "የእሳቸው ነው? ደግ ሰው ነበሩ። ስጡኝ እስቲ" አሉ። ጉዳዩ በዚህ አለቀ።

እኔ ግን ወዲያው አላስነሳኋቸውም። ከዳሌ ቀዶ ጥገና በኋላ በእግር ላይ ምን ያህል ክብደት መጣል እንደሚቻል የሚወስነው ቀዶ ሐኪሙ ነው፤ እንዴት እንደሚቆም የሚያስተምረው ደግሞ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ ነው። ሰኞ ዕለት አንድ ወጣት የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ የሆስፒታሉን ወረቀት አንብቦ መጣ። ዎከሩ ለረጅም ሰው የተስተካከለ ስለነበር በየእግሩ ያለችውን ቁልፍ ጫን እያደረገ ሁለት ቀዳዳ ዝቅ አደረገው። ሰው ቀጥ ብሎ ቆሞ እጁን ወደ ታች ሲለቀው መያዣው ከእጁ አንጓ ጋር እኩል መሆን አለበት፤ ሲይዘው ክርኑ ትንሽ ይታጠፋል። ከዚያ በላይ ከሆነ ትከሻ ይሰቀላል፣ ከዚያ በታች ከሆነ ወገብ ይጎብጣል። የመጀመሪያው ቀን ሥራ መቆም ብቻ ነበር። እስከ አስር ቆጥረው አዙሯቸው ተቀመጡ። በሦስተኛው ቀን በሩ ድረስ ሄዱ።

ወጣቱን ቡና ይዘን ስናወራ "በሙያችን አሁን ዓለም የሚነጋገረው ይህንኑ ነው" አለኝ። ስለ ዎከር የሚያወራ መስሎኝ ነበር። እሱ ግን የሚያወራው ስለ አካባቢ ጥበቃ ነበር። መጀመሪያ ሳቅኩ። የአካባቢ ጥበቃ ሲባል ለእኔ ዛፍ መትከልና ፌስታል መሰብሰብ ነው። ፊዚዮቴራፒ ምን አገባው? ቆይቼ ሳስበው ግን ከሁሉም የሕክምና ዘርፍ ይበልጥ የሚያገባው እሱ ሳይሆን አይቀርም።

በዓለም ላይ የጤና ዘርፉ ራሱ ብዙ ጭስ ያወጣል። "ሄልዝ ኬር ዊዝአውት ሃርም" የተባለው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2019 ባወጣው ሪፖርት መሠረት የዓለም የጤና አገልግሎት ድርሻ ከጠቅላላው የሙቀት አማቂ ጋዝ ልቀት 4.4 በመቶ ነው። የጤናው ዘርፍ አንድ አገር ቢሆን ኖሮ በልቀት ከዓለም አምስተኛ ይሆን ነበር። ሰውን ለማዳን የምንሠራው ሥራ አየሩን አሙቆ መልሶ ሰውን ያሳምማል ማለት ነው። የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዎችም ይህን አይተው በጉዳዩ ላይ ብቻ የሚሠራ ዓለም አቀፍ ማኅበር አቋቁመዋል። የእነሱ ሙያ በአብዛኛው የሚሠራው በእጅ፣ በምክርና በእንቅስቃሴ ስለሆነ ብዙ ዕቃ ሳይጥል ብዙ ሰው ማቆም ይችላል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ 2.4 ቢሊዮን ያህል ሰው በተሃድሶ ሕክምና ሊጠቀም የሚችል የጤና ችግር አለበት። ለዚህ ሁሉ ሰው በየጊዜው አዲስ ብረትና ፕላስቲክ ልናመርት ከሆነ መጨረሻው አይታየኝም።

ለአዲስ አበባ ሰው የቆሻሻ ነገር ተራ ወሬ አይደለም። መጋቢት 2 ቀን 2009 ዓ.ም. ቆሼ የተከመረው ቆሻሻ ተንዶ ከ110 በላይ ሰው ቀብሯል። የጣልነው ዕቃ ከደጃችን ስለራቀ ብቻ የጠፋ ይመስለናል እንጂ የሚያርፈው ሌላ ሰው ደጅ ነው።

ቆራሌው ክራንቹን ቢወስደው በእርግጥ ቆሼ አይሄድም ነበር፤ ይቀልጣል። ለዚያ ልጅም ምስጋና ይገባዋል፤ አልሙኒየም መልሶ ማቅለጥ ከማዕድኑ አዲስ ከማውጣት ጋር ሲነጻጸር እስከ 95 በመቶ ኃይል ይቆጥባል። ነገር ግን ደህናውን ዎከር አቅልጦ ድስት ማድረግና ሌላ ዎከር በውጭ ምንዛሪ ማስመጣት ምን የሚሉት ሒሳብ ነው? የእንግሊዝ መንግሥታዊ የጤና አገልግሎት ይህን አስልቶታል። የተመለሰ መራመጃ አጽድቶና ጠግኖ ለሌላ ታካሚ መስጠት አዲስ ከመስጠት ይልቅ ልቀቱ በአማካይ በ98 በመቶ ያነሰ ነው። ከ5 መራመጃ 2ቱ እንኳ ቢመለስ አንድ ሆስፒታል በአማካይ በዓመት እስከ 46,000 ፓውንድ ሊያተርፍ እንደሚችልም ገልጿል። እነሱ ሀብታሞች ናቸው፤ ያም ሆኖ ሰዉን "ክራንቻችሁን መልሱ" ይሉታል።

የእኛስ ሆስፒታሎች? ስሙን የማልጠራው አንድ ቦታ ስሠራ አንዲት እናት የልጃቸው እግር ሲድን ክራንቹን በነጠላ ጠቅልለው አምጥተው "ለሌላ ሰው ስጡልኝ" አሉኝ። ደስ ብሎኝ ወደ ንብረት ክፍል ወሰድኳቸው። የንብረት ክፍሉ ሰውዬ ክራንቹን ሳይሆን እኔን አገላብጦ አየኝ። "በየትኛው ሞዴል ልቀበል? ሞዴል 19 እንዳልቆርጥ ግዢ አይደለም። ስጦታ እንዳልለው ደብዳቤ የለውም" አለ። ክራንቹ ለሁለት ወር ያህል ነርሶች ልብስ በሚቀይሩበት ክፍል ጥግ ቆመ። ከዚያ አንድ ቀን ጠፋ። ለሰው ተሰጥቶ ከሆነ ይቅር ብያለሁ። በዚያው ጊዜ ዎርድ ውስጥ የተኛ አንድ ገበሬ ክራንች አጥቶ በአንድ እግሩ ግድግዳ እየያዘ ይዘል ነበር። ሰውዬውን አልወቅሰውም፤ ንብረት ጎደለ ተብሎ ደመወዙ የሚቆረጠው እሱ ነው። መመለሻ መንገድ ያላበጁለት ሌሎች ናቸው።

ይህን ስጽፍ ግን ጥፋቱን ሁሉ ወደ መሥሪያ ቤት ማላከክ አልፈልግም። እኛ ቤተሰቦችም አለንበት። ፊዚዮቴራፒ ክፍል ሄዳችሁ ወረፋ ጠብቃችሁ ከሆነ የምትሰሙት ነገር አለ፤ "ዛሬ ማሽኑን አላደረጉልኝም!" ለጉልበት ሕመም የመጡ እናት ባለሙያው ግማሽ ሰዓት ተቀምጦ አነሳስና አቀማመጥ ሲያስተምራቸው ቆይቶ፣ ሲወጡ "ምንም ሳያክመኝ ላከኝ" ይላሉ። ማሽን ከሌለ ሕክምና አልመስል ብሎናል። እ.ኤ.አ. በ2022 በእንግሊዝ የወጣው የመገጣጠሚያ ብግነት ሕክምና መመሪያ ግን የኤሌክትሪክና የአልትራሳውንድ ማሞቂያ ማሽኖችን ለዚህ በሽታ አትስጡ ይላል፤ ለመጥቀማቸው በቂ ማስረጃ የለምና። በአንጻሩ መመሪያው አስቀድሞ ለሁሉም የሚያዝዘው የአካል እንቅስቃሴን ነው፤ ክብደት ለበዛበት ደግሞ ክብደት መቀነስን ይጨምራል። ማሽኑ መብራት ይፈልጋል፣ ጄል ይፈልጋል፣ የሚጣል ወረቀት ይፈልጋል፣ ሲበላሽ ደግሞ መለዋወጫ ጠፍቶ መጋዘን ይሞላል። ወንበር ላይ ተቀምጦ መነሳት ወንበር ብቻ ነው የሚፈልገው። እርግጥ ማሽን የሚያስፈልገው ሕመምም አለ፤ ያንን ባለሙያው ይወስን፣ እኛ አንዘዝለት።

ሌላው ወጪ መንገዱ ነው። ስትሮክ የመታቸውን አባት በሳምንት ሦስት ቀን በኮንትራት ታክሲ ማመላለስ ኪስ ያራቁታል፣ ጭስም ያበዛል፣ እሳቸውንም ያደክማል። ብዙ ባለሙያዎች አሁን ቤት የሚሠራውን እንቅስቃሴ ለአንድ የቤተሰብ አባል አስተምረው፣ በስልክ ቪዲዮ እያዩ፣ ቀጠሮውን ማራራቅ ይችላሉ። ጠይቋቸው። ብቻ ቤት የተሰጠው በቤት ይሠራ። ወረቀቱን ፍሪጅ ላይ ለጥፎ መርሳት እንዳለ እኔም አላጣሁትም፤ የራሴ የትከሻ መልመጃ ወረቀት ሦስት ወር ተለጥፎ ከርሟል።

ቤታችን ደግሞ ሳናውቀው በመልመጃ ዕቃ የተሞላ ነው። የሃይላንድ ላስቲክ ግማሽ ድረስ ውሃ ሲሞላ የክንድ ማጠንከሪያ ነው፤ ሰው ሲበረታ ውሃው ይጨመራል። ካልሲ ውስጥ የተቋጠረ አሸዋ ቁርጭምጭሚት ላይ ሲታሰር እግር ማንሻ ክብደት ይሆናል። የአሮጌ ብስክሌት ጎማ የውስጥ ላስቲክ በቁመቱ ሲቆረጥ ሱቅ ከሚሸጠው ቀለማም ላስቲክ ያላነሰ ይለጠጣል፤ የተሰነጠቀ እንዳይሆን ብቻ ልብ በሉ፣ ተበጥሶ ዓይን ይመታል። ስትሮክ ጣታቸውን ላደከመባቸው እናቶች ምስር መልቀም፣ ሊጥ ማሸት፣ የባቄላ ፍሬ አንድ በአንድ ከሳህን ሳህን ማዘዋወር ከብዙ ውድ መጫወቻ ይበልጣል። አንዲት ታካሚያችን ቀኝ እጃቸው አልታዘዝ ብሎ ሲያለቅሱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ እንዝርትና ባዘቶ ይዛ መጣች። ዕድሜ ልካቸውን የፈተሉ ሴት ናቸው። መጀመሪያ እንዝርቱ ከእጃቸው ይወድቅ ነበር። ክሩ እየተበጠሰ፣ እየተቀጠለ፣ በወሩ መጨረሻ ትንሽ ልቃቂት ሠሩ። ጎርበጥባጣ ክር ነው፤ ግን ጣቶቻቸው ሥራውን ያውቁታል። ከፕላስቲክ ኳስ ጋር እንዲህ ያለ ትዝታ የለንም።

ለወገብና ለጉልበት ማሞቂያ በጥጥ ጨርቅ ከረጢት ስንዴ አስገብቶ ምጣድ ላይ ማሞቅ ይቻላል፤ ከረጢቱ ለዓመታት ያገለግላል። እዚህ ላይ ግን ነርስነቴ ይነሳብኛል፤ የስኳር ሕመም ያለበትና እግሩ የደነዘዘ ሰው ሙቀቱን ስለማያውቀው ይቃጠላል። ለእሱ ማሞቂያ አይደረግ። ለሌላውም ቢሆን መጀመሪያ በራሳችሁ ክንድ ለክታችሁ፣ በፎጣ ጠቅልላችሁ ነው።

መልሶ መጠቀም ሲባል ደግሞ ሁሉንም አይደለም። መርፌ አንዴ ነው። ከቆዳ ጋር የሚጣበቀው የማሽን ፓድ የአንድ ታካሚ ነው። ጓንት በሳሙና ታጥቦ አይለበስም። ክራንችና ዎከር ግን በሳሙናና በውሃ በደንብ ከታጠበ፣ ከታለቀለቀ በኋላ አንድ እጅ በረኪና በዘጠኝ እጅ ውሃ በጥብጦ ማበስ፣ አስር ደቂቃ አቆይቶ በንጹሕ ውሃ ማለቅለቅና ማድረቅ ይበቃል። ማለቅለቁን አትዝለሉት፤ በረኪና ብረት ይበላል። ከዚያ ሥሩ ያለውን ጎማ ገልብጣችሁ እዩ። መስመሩ ተልጦ ለስላሳ ከሆነ እርጥብ ሴራሚክ ላይ እንደ ሳሙና ያንሸራትታል። መራመጃን በሁለት ሰው፣ በሦስት ሰው ማስተላለፍ የሚቻለው ይህች ትንሽ ጎማ በጊዜዋ ስትቀየር ነው።

ክራንች የተቀበለም በብብቱ አይንጠልጠል። የላይኛው ጫፍ ከብብት ሁለት ሦስት ጣት ዝቅ ይላል፤ ክብደቱ መዳፍ ላይ ነው የሚያርፈው። በብብት የተንጠለጠለ ሰው ነርቩ ተጭኖ እጁ ይደነዝዛል፤ እግሩን ሲያስታምም እጁን ይዞ ይመለሳል። ከዘራ የሚይዝ ደግሞ ከታመመው እግር በተቃራኒው እጅ ይያዝ። ይህን ስንገር ሁሌም ክርክር ይገጥመኛል፤ ቢሆንም በተቃራኒው ነው።

በውጭ ያሉ ልጆቻችንም አንድ ነገር ቢያውቁ ጥሩ ነው። ከአሜሪካ ወይም ከአውሮፓ በሻንጣ የሚመጣው ባለ ትንንሽ ጎማ ዎከር ለገበያ አዳራሽ ወለል የተሠራ ነው። ኮብልስቶን ላይ ጎማው ስንጥቅ ውስጥ ገብቶ ይቆማል፤ አባት ወደፊት፣ ዎከሩ ወደኋላ። ዊልቸርም እንዲሁ በግምት የሚላክ ነገር አይደለም። ያልተለካ ዊልቸር ቁስል ያመጣል። ከመላካችሁ በፊት የሚጠቀመው ሰው ቁመትና የሚሄድበት መንገድ ይጠየቅ። አገር ውስጥ የሚጠገን ከሆነ ገንዘቡን መላክ ይሻላል።

ለአያቶች ደግሞ አንድ ነገር ልጨምር። የልጅ ልጃችሁ ቆልማማ እግር ይዞ ቢወለድ አትደንግጡ፣ አትደብቁትም። ፖንሴቲ የሚባለው ዘዴ በአሜሪካ አይዋ ይሠሩ በነበሩ ስፔን የተወለዱ ሐኪም የተገኘ ነው። በየሳምንቱ እግሩን በእጅ እያቀኑ ጀሶ ማድረግ፣ ብዙ ጊዜ ከ5 እስከ 7 ጀሶ፣ ከዚያ በብረት የተያያዘ ጫማ። ትልቅ ቀዶ ጥገና ሳያስፈልግ አብዛኛው ልጅ ቀጥ ብሎ ይሄዳል። ጫማውን ለመጀመሪያዎቹ 3 ወራት ቀንና ሌሊት፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ ዕድሜው 4 ወይም 5 ዓመት እስኪሞላ ሌሊት ሌሊት ያደርጋል፤ "አለቀሰብን" ብሎ ያወለቀ ቤተሰብ ከመጀመሪያው ይጀምራል። ልጅ ቶሎ ያድጋልና ጫማው ሳያረጅ ይጠበዋል። የጠበበውን ወደ ክሊኒኩ መልሱት፤ ከኋላችሁ ትንሽ እግር ያለው ሌላ ሕፃን አለ።

ከሁሉም የሚሻለው ክራንች የማያስፈልገው ሰው ነው። በዓለም ላይ በየዓመቱ 684,000 ያህል ሰው ወድቆ ይሞታል፤ ከሁሉም ይበልጥ የሚጎዱት ደግሞ አረጋውያን ናቸው። የዓለም ጤና ድርጅት 65 ዓመትና ከዚያ በላይ ለሆነ ሰው በሳምንት ቢያንስ 3 ቀን የሰውነት ሚዛንና የጡንቻ እንቅስቃሴ ይመክራል። ጠረጴዛ ይዞ ተረከዝ ማንሳት፣ እጅ ሳይደገፉ ከወንበር መነሳት፣ ቀስ ብሎ በአንድ እግር መቆም። መንገድ ለመኪና ተዘግቶ "መንገድ ለሰው" በሚሆንበት ቀን የልጅ ልጅ እጅ ይዞ መውጣትም አለ። ቤት ውስጥ ደግሞ ከአልጋ እስከ መጸዳጃ ያለውን ምንጣፍ ዛሬውኑ አንሱት። የጋሼ ነገር የጀመረው ከምንጣፍ ነው።

ወደ እሳቸው ልመለስ። በሁለት ወር ተኩል ከዎከር ወደ ከዘራ ዞሩ። ጀርባቸው ላይ የነበረው ቅላት ሳይቆስል ጠፋ። እግራቸው እንደ ድሮው አልሆነም፤ ያ አምስት ሳምንት የወሰደው ጡንቻ በሙሉ አልተመለሰም፣ ደረጃ ላይ አሁንም ሰው ይፈልጋሉ። ዎከሩን አጥበው ሲያመጡልኝ የት እንደማደርሰው ግራ ገባኝ። ጎረቤቴ ቤት ተመልሶ ከበር ኋላ ሊቆም አይችልም። ያኔ ነው እድራችን ትዝ ያለኝ።

እድር ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ድስትና ሳህን አለው። አንዱ ይወስዳል፣ ይመልሳል፣ ቀጣዩ ይወስዳል። የጎደለ ይተካል። ያ ሁሉ መዝገብ፣ ቁልፍ ያዥና ዕቃ ቤት ለዘመናት ያለ ነው። በወሩ ስብሰባ ላይ ተነስቼ ተናገርኩ። ሊቀመንበሩ ጨዋ ሰው ናቸው፤ "እድር የተቋቋመው ለሞት ነው እኮ እህቴ። በሽተኛ ዕቃ ስናከራይ ሰው ምን ይላል?" አሉ። ሌላው "የተበላሸ እንደሆነ ማን ይከፍላል?" አለ። ክርክሩ ረዘመ፣ ወጡ በረደ። ጎረቤቴ እስከዚያ ድረስ አልተናገረችም። በመጨረሻ ብድግ ብላ "የእኔን ባል ሲሞት ቀብራችሁልኛል፣ እግዜር ይስጥልኝ። በሕይወት ሳለ ግን ዎከር ለመግዛት ስንት ወር እንደለፋን የጠየቀን አልነበረም" አለችና ተቀመጠች። ከዚያ በኋላ የተናገረ ሰው ጥቂት ነው።

አሁን ከድንኳኑ ብረቶች ጎን አንድ መደርደሪያ ተሰጥቶናል። ስድስት ጥንድ ክራንች፣ ሁለት ዎከር፣ አራት ከዘራና ፍሬኑ የማይሠራ አንድ ዊልቸር አለን። ግማሹ ከአልጋ ሥር የወጣ ነው። ኪራይ የለውም፤ የወሰደ ሰው ታጥቦ ይመልሳል። ወጣቱ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያ በወር አንድ ቅዳሜ እየመጣ ይለካል፤ እሱ ሳያይ የሚወጣ ዕቃ የለም። ቆራሌውንም አነጋግረነዋል። በየሰፈሩ ሲዞር ደህና ክራንች ካገኘ ሌላ የሚቀልጥ ብረት እየሰጠን ይለውጠናል። ብልህ ነጋዴ ነው፤ ሁልጊዜ በእሱ በኩል ትንሽ ይበልጣል።

የመዝገቡን የመጀመሪያ መስመር የጻፍኩት እኔ ነኝ። "ዎከር 1" ይላል። "የሰጠው" በሚለው ዓምድ ሥር የጎረቤቴን ስም ልጽፍ ስል እጄን ያዘችና የባለቤቷን አስጻፈችኝ። አሁን ወጥቷል፤ ስትሮክ የመታቸው አንዲት እናት ዘንድ ነው ያለው። ዊልቸሩ ግን ፍሬኑ እስኪሠራ አይወጣም፤ ብየዳ ቤቱ "ቅዳሜ ኑ" ካለን ይኸው ሦስተኛ ቅዳሜያችን ነው።